ዘመድ ሲመጣ ቴል አቪቭ የት እንውሰደው? የአድማጮች ጥያቄና የአስጎብኚው መልስ

ሰላም አድማጮች። ከኢትዮጵያ ዘመድ ሲመጣ ቴል አቪቭ ውስጥ የት የት እናሳየው ብላችሁ በስልክ የጠየቃችሁኝን ከነመልሱ ጽፌላችኋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከረሆቮት የደወለች እህት፦ እናቴ ከጎንደር መጥታለች፣ 70 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። እረፍቴ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ የት ልውሰዳት?

ያፎ፣ አሮጌው የወደብ ከተማ ውሰጃት የኔ እህት፣ ሌላውን ተይው። ፎቅ አሳያታለሁ ብለሽ እናትሽን አታንከራትቻት። "ያፎ" ስትያት ምንም ላይመስላት ይችላል፣ "ኢዮጴ" በያትና ፊቷን እይው። ነቢዩ ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሊሸሽ ወደ ተርሴስ የሚሄደውን መርከብ ያገኘው ኢዮጴ ነው፣ ለሰለሞን ቤተ መቅደስ የሊባኖስ እንጨት በባህር ላይ ተንሳፎ የመጣውም ወደ ኢዮጴ ነው። አንዲት እናት ይህን ነግሬያቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው የወደቡን ድንጋይ በመዳፋቸው ዳሰሱትና እጃቸውን ሳሙት፣ ከዛ ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። እኔም ዝም አልኩ፣ አንዳንዴ አስጎብኚ ዝም ማለት አለበት።

ስለ ጉልበቷ ግን፣ አሮጌው ከተማ ደረጃው ብዙ ነው፣ ድንጋዩም ከመረገጡ ብዛት ልሞ ያንሸራትታል፣ ስለዚህ ታክሲው ወደቡ ድረስ ያድርሳችሁ፣ እዛ ሜዳ ነው፣ መቀመጫም አለ። ስትመለሱ በቱርኮች ዘመን በ1903 ያለቀውን የሰዓት ማማ ከታክሲ ሳትወርዱም ታዩታላችሁ። ጠዋት ውጡ፣ ውሃ ያዙ፣ ባህሩ ዳር እግሯን ልትነክር ከፈለገችም የነፍስ አድን ሰራተኛው ማማ ላይ ካለ ብቻ።

ከአሽዶድ፦ ቅዳሜ መጥተን መዞር እንችላለን?

ትችላላችሁ፣ ግን ከአርብ ከሰዓት ጀምሮ መደበኛው አውቶቡስና ቀላል ባቡሩ ይቆማል፣ ሹክ ሃካርሜል የሚባለው ገበያም ዝግ ነው። ከ2019 ጀምሮ ቴል አቪቭ ውስጥ የሚሰራ ነጻ የሰንበት አውቶቡስ ስላለ መስመሩን ቀድማችሁ እዩት።

ከቤር ሼቫ አንዲት እናት፦ ባህር መግባት እወዳለሁ፣ ወንድ ባለበት ግን አፍራለሁ።

እማማ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ብዙ እናቶች ይሄንኑ ይጠይቁኛል። ኖርዳው የሚባል የታጠረ ባህር ዳር አለልዎት፣ እሁድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የሴቶች ነው፣ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ የወንዶች፣ ቅዳሜ የሁሉም። ቀሚስዎን እንደለበሱ ቢገቡም ማንም ቀና ብሎ አያይዎትም። እዛም ቢሆን የነፍስ አድን ማማውን ባንዲራ ሳያዩ እንዳይገቡ፣ አደራ።

ከነታንያ የደወለ ወጣት፦ ከስራ የምንወጣው ማታ ነው። የአጎቶቼ ልጆች ከባህር ዳር መጥተዋል፣ ጣና ላይ ነው ያደጉት፣ ዋና ይችላሉ። በምሽት ሰው ሲቀንስ ብንገባ ችግር አለው?

አለው። ስማኝ ወንድሜ፣ ሌሎቻችሁም ስሙኝ፣ በየሳምንቱ የምጠየቀው ይሄንኑ ነውና ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ጣና መዋኘትና ይሄን ባህር መዋኘት አንድ አይደለም። እዚህ ማዕበሉ ውሃውን ወደ ዳር ይገፋዋል፣ የተገፋው ውሃ ደግሞ መመለስ አለበት፣ ጠባብ ቦይ ያበጅና በሃይል ወደ ጥልቁ ይመለሳል። ያ ቦይ ከላይ ሲያዩት ማዕበሉ አይሰበርበትም፣ ጠቆር ብሎ የረጋ ይመስላል፣ እንግዳ ሰው ደግሞ "እዚህ ጋ ይሻላል" ብሎ የሚገባው ልክ እዛው ላይ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይሄ ነው።

አንድ ጊዜ አመሻሽ ላይ ማማው ከተዘጋ በኋላ አብሮኝ የዋለ ጎረምሳ "እግሬን ብቻ" ብሎ ገባ። ውሃው ወገቡ ጋ ነበር። ጫማውን ከአሸዋው አንስቼ ቀና ስል ጭንቅላቱ ብቻ ይታየኛል፣ ወደ ዳር እየታገለ በተቃራኒው ይርቃል። ሰሌዳ ይዞ ማዕበል ላይ የሚንሸራተት ልጅ ባጋጣሚ አጠገቡ ስለነበረ ተረፈ። እኔ ያን ጫማ በእጄ እንደያዝኩ መንቀጥቀጤን አልረሳውም፣ ለእናቱ ምን ብዬ ልደውል ነበር?

ስለዚህ ነጭ ባንዲራ ከሆነ ግቡ፣ ቀይ ከሆነ አደገኛ ነው፣ ዋና ያልለመደ ሰው ይቅርበት፣ ጥቁር ከሆነ ክልክል ነው። ማማው ባዶ ከሆነ የባንዲራውን ቀለም እንኳ አትጠይቁ፣ አትግቡ፣ በቃ። የስራ ሰዓቱ ባህር ዳሩ ላይ ተጽፏል፣ እንደ ወሩ ይለያያል። ከድንጋይ የተሰሩት የማዕበል መከላከያዎች ጋም አትጠጉ፣ ለዋና የተጠለሉ ይመስላሉ ግን በዳርና በመሃላቸው ውሃው ይስባል። ከተወሰዳችሁ ደግሞ ወደ ዳር ቀጥታ አትታገሉ፣ ጉልበት የሚጨርሰው እሱ ነው። ተንሳፈፉ፣ እጅ አውጡ፣ መዋኘት ከቻላችሁ ከባህሩ ዳርቻ ጎን ለጎን ዋኙና ቦዩን ስትወጡ ወደ ዳር ተመለሱ። ዳር ያለው ሰው ደግሞ ዘሎ አይግባ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውርና አምቡላንስ ለመጥራት 101 ይደውል።

ማታ ከሆነ የምትመጡት ከቴል አቪቭ ወደብ እስከ ያፎ በባህሩ ዳር ያለውን መንገድ በእግር አስኪዷቸው፣ ነፋሱ ደስ ይላል፣ የያፎ መብራት ከሩቅ ይታያል፣ ማንም ሳይሞት ያምራል።

ከሎድ፦ ነጩ ከተማ ነጩ ከተማ ይላሉ፣ ሄጄ አሮጌ ፎቅ ብቻ ነው ያየሁት።

እውነትህን ነው፣ ካልነገሩህ አይታይህም። ነጩ ከተማ የሚሉት ቴል አቪቭ ውስጥ ያሉ 4000 ገደማ ህንጻዎችን ነው፣ አብዛኞቹ የ1930ዎቹ፣ በ2003 የዓለም ቅርስ ሆነዋል። ከአውሮፓ የመጡ አርክቴክቶች ናቸው የሰሯቸው፣ እዛ ብርሃን ለማስገባት ትልልቅ መስኮት ይሰሩ የነበሩት እዚህ ፀሃዩ ሲያቃጥላቸው መስኮቱን አጠበቡት፣ በረንዳውን አስረዝመው ጥላ እንዲጥል አደረጉት። ሮትሽልድ መንገድ ላይ ከዛፎቹ ስር ሆነህ ረፋድ ላይ ቀና በል፣ የላይኛው በረንዳ ጥላ የታችኛው መስኮት ላይ ሲያርፍ ታየዋለህ። አስመራን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ወዲያው ነው የሚለየው፣ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው።

ሜዱዛ (ጄሊፊሽ የሚሉት የሚናደፍ የባህር እንስሳ) ነደፈኝ፣ ምን ላድርግ?

በባህሩ ውሃ ታጠብ፣ አሸዋ አትሸው፣ የቧንቧ ውሃና ኮምጣጤ አታድርግበት። ትንፋሽ ካጠረህ ወይ ፊትህ ካበጠ 101።

ከራምሌ፦ አባቴ የልብ መድሃኒት ይወስዳል፣ ሐምሌ ላይ ባህር ይግባ ወይስ ይቅርበት?

እኔ መንገድ ነው የማውቀው ወንድሜ፣ የአባትህን ልብ አላውቅም። ሀኪም ጋ ውሰደው፣ መድሃኒቶቹንም ይዘህ ሂድና አሳይ፣ አንዳንዱ ሙቀት ላይ ያደክማል። ግባ ካሉት በጠዋት፣ ውሃው ከጉልበት ሳያልፍ፣ ማማው ስር።