ሰዓቱን ቁጠሩ፦ ሲክል ሴል ባለበት ልጅ ላይ አልመለስ ያለ የብልት መቆም

[ምስል፦ የግድግዳ ሰዓት፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት]

ተራኪ፦ ሲክል ሴል የተባለው፣ በዘር የሚወረስ የደም ሕመም ያለበት የ12 ዓመት ልጅ ብልቱ ቆሞ፣ አሞት ከእንቅልፉ ይነቃል። ያፍራልና እናቱን አይቀሰቅስም። ሲነጋም ዝም ይላል። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ግማሽ ቀን አልፏል። ሕክምናው እያለ ሰዓቱ ያመልጣል።

ሕመሙ ፕሪያፒዝም ይባላል፤ ከወሲብ ስሜት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ልጁም ያጠፋው ነገር የለም። ሲክል ሴል ያለበት ሰው ቀይ የደም ሴሎች ኦክስጅን ሲያጥራቸው ይደድሩና የማጭድ ቅርጽ ይይዛሉ። ብልት ውስጥ እንደ ስፖንጅ ደም የሚይዙ ሁለት ክፍሎች አሉ። የገባው ደም መውጫ ሲያጣ ኦክስጅኑ ያልቃል፤ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ተጨማሪ ሴሎች ይደድራሉ፤ መውጫው ጭራሽ ይዘጋል። ከጀመረው 4 ሰዓት ካለፈ የውስጡ ጡንቻ መጎዳት ይጀምራል። ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ጡንቻው በጠባሳ ይተካና ልጁ ሲያድግ ብልቱ ላይቆም ይችላል።

[ምስል፦ አባትና ልጅ አልጋ ጠርዝ ላይ]

ወላጆች፣ ሳይደርስ በፊት ንገሩት፤ «እንዲህ ቢሆንብህ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰኝ» በሉት። ሲጀምረው ሽንቱን ይሽና፣ ውኃ ደህና አድርጎ ይጠጣ፣ ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ፣ ትንሽ ይንቀሳቀስ፣ ፓራሲታሞል ይውሰድ። በረዶ አታስይዙት፤ ቅዝቃዜ ሴሎቹን ያባብሳቸዋል። 2 ሰዓት ሞልቶ ካልተመለሰ ወደ ሆስፒታል ተነሡ። መንገዱ፣ ካርድ ማውጣቱና ወረፋው ሲደመር 4 ሰዓት ቅርብ ነው።

[ምስል፦ ድንገተኛ ክፍል፤ የብልት አግድም ቁራጭ ሥዕል]

ከዚህ በኋላ ያለው ለጤና ባለሙያዎች ነው። ደጋግመን የምናየው ስሕተት ግሉኮስ ሰቅሎ፣ ማስታገሻ ሰጥቶ «እስኪመለስ እንጠብቅ» ማለት ነው። ፈሳሹም ማስታገሻውም ያስፈልጋሉ፤ ግን 4 ሰዓት ካለፈ የታሰረው ደም መቀዳት አለበት። ደም መለወጥም የዚህ ምትክ አይሆንም፤ ለማዘጋጀት ሰዓታት ይፈጃል፣ ከእሱ በኋላ ከባድ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው ታማሚዎችም አሉ።

ኢፒንፍሪን ባልተቀላቀለበት ሊዶኬይን የብልቱን ሥር አደንዝዙ፤ ለትንሽ ልጅ የሚያስተኛ መድኃኒትም ጨምሩ። መርፌው የሚገባው ከጎን ነው፤ ብልቱን እንደ ሰዓት ብታዩት በ3 ወይም በ9 ቁጥር በኩል። በ12 በኩል ነርቭና የደም ሥር አለ፣ በ6 በኩል የሽንት ቧንቧው ያልፋል። ሁለቱ ክፍሎች እርስ በርስ ስለሚገናኙ አንድ ጎን ይበቃል። መጀመሪያ የሚወጣው ደም የቡና አተላ የመሰለ ጥቁርና ወፍራም ነው። የዚህ ደም የጋዝ ምርመራ ኦክስጅን ከ30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ60 በላይ፣ ፒኤች ከ7.25 በታች ካሳየ ደም የታሰረበት ዓይነት መሆኑ ተረጋገጠ። ደሙ ደማቅ ቀይ እስኪሆን ቅዱ።

ከዚያም ካልላላ ፌኒሌፍሪን የተባለው የደም ሥር የሚያጠብ መድኃኒት በዚያው መርፌ ይሰጣል። እዚህ ላይ ቀስ በሉ። አምፑሉ ብዙ ጊዜ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ሳይበረዝ ከተሰጠ የደም ግፊት ያፈነዳል። አንዱን አምፑል 100 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ውስጥ ጨምሩት፤ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ማይክሮ ግራም ይሆናል። ሲሪንጁ ላይ ስሙንና መጠኑን ጻፉበት። ለጎረመሰ ልጅ በየ5 ደቂቃው 1 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ10 ጊዜ ሳይበልጥ፤ ለትናንሾቹ መጠኑ ከዚህ ያንሳል። በየመሐሉ ግፊትና የልብ ምት ለኩ፤ ግፊቱ ሲያሻቅብ የልብ ምቱ ይወርዳል፣ ልጁም ራሱን ያመዋል። መርፌውን ስትነቅሉ ቦታውን ለ5 ደቂቃ ያህል ያዙት፤ አለበለዚያ ያብጣል። በዚህ ሁሉ ካልተመለሰ ቀጣዩ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ዩሮሎጂስት (የሽንትና የብልት ቀዶ ሐኪም) ገና ስትጀምሩ ይጠራ።

እ.ኤ.አ. በ2000 የዳላስ ሐኪሞች ባሳተሙት ሥራ፣ 15 ታዳጊዎችን በጥቅሉ 39 ጊዜ ደም በመቅዳትና በተበረዘ ኢፒንፍሪን (እሱም እንደ ፌኒሌፍሪን የደም ሥር ያጠብባል) በማጠብ አክመው 37ቱን ጊዜ ተሳክቶላቸዋል።

መጣ ሄደ እያለ የሚያስቸግር ከሆነ ሴሎቹ እንዳይደድሩ የሚረዳውን መድኃኒት፣ ሃይድሮክሲዩሪያን፣ ከደም ሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት። የወንድ ሆርሞን የሚያግዱ መድኃኒቶች ዕድገቱን ላልጨረሰ ልጅ አይሰጡም።

[ምስል፦ ኩላሊት]

በሲክል ሴል ደም የቀላቀለ ሽንትም ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከግራ ኩላሊት። አብዛኛው በእረፍትና በፈሳሽ ይቆማል፤ ግን አልትራሳውንድ ሳታነሡ «ሲክል ሴሉ ነው» ብላችሁ አትሸኙት። የሲክል ሴልን ባሕርይ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ፣ ራሱ ታሞ የማያውቅ ወጣት ደም ሲሸና ይበልጥ ተጠራጠሩ፤ በዋናነት እንዲህ ያሉትን ወጣቶች የሚይዝ፣ ፈጥኖ የሚሰራጭ የኩላሊት ካንሰር አለ።

ወላጆች፣ አልጋ ላይ መሽናትስ? ኩላሊቱ ሽንት ማወፈር ስለሚያቅተው ነው፤ ስንፍና አይደለም፣ ልጁ አይቀጣበት። ሌሊት አንድ ጊዜ ቀስቅሳችሁ አሽኑት፤ ውኃ ግን አትከልክሉት።