ማርሚታው ሲቀላ
(ለሞተር ሳይክል ጥገና ተመራቂዎች የተዘጋጀ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ አሠልጣኞች፣ የተመራቂ ቤተሰቦች፣ እንደምን አደራችሁ። ዛሬ እጃችሁን በደንብ ታጥባችሁ የመጣችሁ ተመራቂዎች ደግሞ እንኳን ደስ አላችሁ። ጥፍራችሁ ሥር ያለውን ጥቁር ግን ሳሙና አይነካውም፤ የእኔው ሠርጌ ፎቶ ላይ ሳይቀር ይታያል።

አስተባባሪዎቹ «ስለ ሥራ ፈጠራ ተናገርልን» ብለውኝ ነበር። ስለ ሥራ ፈጠራ የሚናገር ሰው አይጠፋም። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ ማርሚታ፣ ስለ ጭስ ማውጫ ቱቦ ነው፤ ሞተር ሳይክሉ ቆሞ በሚኒሞ፣ ጋዝ ሳይሰጡት በዝግታ፣ እየሠራ እንደ ፍም ስለቀላ ማርሚታ። ጥፋቱም የኔ ነበር።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ደንበኛዬ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ደብረ ብርሃን ያድራል፣ ሥራው ግን በወር ብዙ ጊዜ በጣርማ በር ቁልቁል አውርዶ ሸዋ ሮቢት ያደርሰዋል። የሚነዳው ባለ 125 ነው፤ ሆንዳ በ1970ዎቹ አጋማሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ያወጣው ሲጂ 125 የሚባለው ዓይነት፣ ቻይናዎች በየስሙ የሚገጣጥሙት፣ እናንተም በሥልጠናው ደጋግማችሁ የፈታችሁት። መጣና «ጋሼ፣ ቤንዚን ይበላል። ደግሞ ጋዙን ለቅቄውም እየጮኸ ይቆያል፤ ቶሎ አይወርድም» አለኝ።

የመጀመሪያውን ሰማሁ። ሁለተኛውን አልሰማሁትም። በጆሮዬ ገብቷል፣ ግን ቁም ነገር ብዬ አልያዝኩትም።

ካንዴላውን፣ ሻማውን ማለት ነው፣ ፈታሁ። ጥላሸት ነው፣ ጥቁር። «ቤንዚን በዝቶበታል» አልኩ፣ ደግሞም እውነት ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,840 ሜትር ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ቢሆን ነው። ካርቡራተር ደግሞ የት አገር እንዳለ አያውቅም። ለቆላ የተለካ ካርቡራተር ደጋ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስለትም። ስለዚህ የሚኒሞውን ጄት፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ፣ በጠባብ ቀየርኩ፣ የሚኒሞውን ማስተካከያ ብሎንም የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ እንዲሳሳ አዞርኩ፣ ገንዘቤን ተቀበልኩ። ሰውየው አመስግኖኝ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ከሸዋ ሮቢት ደወለ። «ጋሼ፣ ማርሚታው ቀላ።»

አንድ ገበሬ ደጅ ቆሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ስለ ላም ሲያወሩ፣ መሸት ሲል ያየዋል። እኔ ምን ብለው ጥሩ ነው? «ማታ ስለሆነ ነው፣ ያስመስላል።»

ይህን መልስ ማንም ደንበኛ ላይ እንዳትደግሙት። ብረት በጨለማ መቅላት የሚጀምረው 525 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። ያ ሙቀት ቀንም አለ፤ ፀሐይ ስላለች ግን ዓይን አያየውም። ቀን ላይ ቀልቶ ካያችሁት ከዚያ እጅግ አልፏል። ጨለማው ለደንበኛዬ ያለውን ነገር ነው ያሳየው።

እርግጥ ነው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነፋስ ሳያገኝ ብዙ ሰዓት ቆሞ ከሠራ፣ በተለይ ቱቦው ስስ ከሆነ፣ ደህናውም ትንሽ ሊቀላ ይችላል። ለዚህ ነው ጋራዥ ውስጥ ስትፈትሹ ከፊቱ ቬንትሌተር አቁሙ የምላችሁ። ይኼኛው ግን ሰውየው ይዞልኝ ሲመጣ መብራት አጥፍቼ አስነሳሁት፤ ብዙም ሳይቆይ ከቴስታታው፣ ከሞተሩ ራስ፣ ሥር ቱቦው አራት ጣት ያህል ደም መሰለ።

እስቲ ሽማግሌውንም ወጣቱንም ጠይቁ፣ «ማርሚታ ለምን ይቀላል?» ብላችሁ። «ቤንዚን በዝቶበት» ይላችኋል። ብዙ ቤንዚን፣ ብዙ እሳት ነው የሚመስለው። በሚኒሞ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ቤንዚን በደንብ ለመንደድ በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚያ ሲበዛ ድብልቁ ይሳሳና አነዳደዱ ይዘገያል። ፒስቶኑን ገፍቶ ሥራውን መጨረስ የነበረበት እሳት የጭስ ቫልቩ ሲከፈት ገና እየነደደ ይደርሳል። እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ነበልባሉ ከምጣዱ ሥር ወጥቶ በጎን ሲንቀለቀል «እሳቱ ውጭ ነደደ» ይሉ የለ? እንጀራው አይበስልም፣ ደጁ ግን ይሞቃል። ማርሚታው ላይ ያያችሁት ያንን ነው።

እንግዲህ እኔ ለደጋ ያሳሳሁትን ሞተር ሰውየው ወደ 1,280 ሜትር አወረደው። እዚያ የአየሩ ግፊት ወደ 86 በመቶ ነው። አየሩ ወፈረ፣ ቤንዚኑ እኔ በቀነስኩት ቀረ። ይኼው ተገኘ ብዬ የድሮውን ጄት መለስኩ። ቅላቱ ቀነሰ። አልጠፋም ግን።

ያን ጊዜ ነው «እየጮኸ ይቆያል» ያለው ትዝ ያለኝ። ጋዝ ተለቆ ሞተር ቶሎ ካልወረደ፣ የጋዝ ሽቦው አለመያዙን አይታችሁ፣ ቀጥሎ የምትጠረጥሩት ሌባ አየርን፣ ከካርቡራተሩ ውጭ በስንጥቅ የሚገባውን፣ ነው። ሰውየው ምርመራውን ጨርሶ ነበር የመጣው፤ እኔ ነኝ ካንዴላ የምጠይቅ። ካንዴላው ደግሞ አልዋሸኝም፤ የጠየቅኩትን ሳይሆን ሌላውን መለሰልኝ እንጂ። ጥላሸቱ ሰውየው ሲነዳ፣ ጋዝ ከፍቶ ዳገት ሲወጣ የተጠራቀመ ነው። ስለ ሚኒሞው ብዙም የሚነግረኝ ነገር አልነበረውም።

ፀጉር ቤት የሚጠቀሙበትን የውሃ መርጫ አመጣሁ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ካርቡራተሩና ቴስታታው በሚገናኙበት ጎማ ዙሪያ በቀስታ ነፋሁ። ከላይ ምንም የለም። በጎን ምንም የለም። ከሥር ስነፋ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፤ ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲደፍነው ማለት ነው። ጎማው ከሥሩ ተሰንጥቆ፣ ሲቀዘቅዝ የሚገጥም፣ ሲሞቅ የሚከፈት። ጋዝ ተዘግቶ ሞተሩ በኃይል በሚስብበት ሰዓት፣ ማለትም በሚኒሞ፣ ከዚያ ያልተቆጠረ አየር ይገባል። ደጋ ላይ ከፍታው የሚጨምረው ቤንዚን ያንን አየር ይሸፍንለት ነበር። እኔ ሽፋኑን ገፈፍኩት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ይህን ፍተሻ በቤንዚን የሚያደርጉ አሉ፤ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። የቀላ ማርሚታ አጠገብ ቤንዚን መርጨት! ቤንዚን ያለ ክብሪት በራሱ ለመቀጣጠል የቀላ ብረት ካለው ሙቀት ግማሹ ይበቃዋል። ውሃ፣ ውሃ ብቻ። እሱንም ቀስ ብላችሁ፣ የጋለው ቱቦ ላይ ሳይሆን ጎማው ላይ።

አሁን ሳስበው ነገሩ በስልክም ሊታወቅ ይችል ነበር። «ቾኩን ትንሽ ሳብ አድርገውና ንገረኝ» ብለው ኖሮ፣ ቾክ አየሩን ስለሚቀንስ ሚኒሞው ከተስተካከለ ድብልቁ ስስ ነበር ማለት ነው፣ አለቀ። አንድ ሰከንድ የማይፈጅ ነገር።

ብሎኗንም እንዳትረሷት፣ ብዙ ሰው ይሳሳትባታል። ከካርቡራተሩ ወደ ቴስታታው በኩል ካለች የምትቆጣጠረው ቤንዚን ነው፤ ስትከፍቷት ድብልቁ ይወፍራል። ወደ አየር ፊልትሮው በኩል ካለች አየር ነው፤ ስትከፍቷት ይሳሳል። የቱ እንደሆነች ሳታዩ ካቻቢቴ አታንሱ።

ማርሚታ የሚያቀላው ይህ ብቻ ነው አላልኩም። ሻማው ዘግይቶ ከተኮሰም እሳቱ ያው ዘግይቶ ይወጣል። ቮላኖውን፣ ሻማው የሚተኩስበትን ሰዓት የሚወስነውን ዞሪ ብረት፣ በቦታው የምትይዘው ትንሽ ሽብልቅ ተቆርጣ ቮላኖው ጥቂት ዲግሪ ሲዞር አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ካርቡራተር ሁለት ጊዜ ገዝቶ ነበር።

የጭስ ቫልቩ ነገር ግን ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ዝም ስለሚል ነው። በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት በእነዚህ ሲጂዎች ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.08 ሚሊሜትር ነው፤ ከደብተር ወረቀት የማይወፍር። ቫልቩ መቀመጫውን እየቀጠቀጠ ሲሰምጥ ክፍተቱ ይጠባል፤ ሲጠብ የቫልቩ ኳኳታ ይጠፋል። ደንበኛው «ሞተሬ ጸጥ አለልኝ» ብሎ ይደሰታል። ቫልቩ ግን መግጠም አቅቶት እሳት በጎኑ ያልፋል፣ ጫፉ ይበላል። ስለዚህ ጸጥ ያለ አሮጌ ሞተር ሲመጣላችሁ አትመርቁት፤ ቀዝቅዞ ይደር፣ ጠዋት ለኩት። እኔ ዛሬ የቀላ ማርሚታ ሲመጣ ካርቡራተሩን የምነካው ጎማውን፣ ቫልቩንና ሻማው የሚተኩስበትን ሰዓት ካየሁ በኋላ ነው። ማርሚታውን በጨርቅ ጠቅልሉልኝ ወይም በወፍራም ቀይሩልኝ የሚልም ይመጣል። ቅላቱ አይታይም ይሆናል፤ እሳቱ ግን ቫልቩ ላይ እንዳለ ነው።

ለዚያ ደንበኛዬ ጎማውን ቀየርኩ፣ ገንዘቡንም መለስኩ። አሁንም ወደ ቆላ ሲወርድ ደውሎ ይቀልድብኛል፤ «ጋሼ፣ ዛሬ ማርሚታው ጥቁር ነው» ይለኛል።

አሮጌውን ጎማ ይዤው መጥቻለሁ፤ ይኸው። ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ ተቀባበሉት። ዝም ብላችሁ ስታዩት ደህና ነው፤ ጠምዘዝ ስታደርጉት ከሥሩ ይከፈታል። የመጨረሻው ሰው ይመልስልኝ።