«ብቅ ይበሉ» ብዬ የጠራኋቸው ቀን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ልጆቹ ተኝተዋል፣ እኔ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው። የፍሪጁ ድምፅ ከገባ ይቅርታ።

ቤቴ ሆኜ የቆዳ ክሬምና ሳሙና እንደምሸጥ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ኔትወርክ ማርኬቲንግ የሚባለው ነው፤ እቃ እየሸጥሽ ሌላ ሻጭም ከሥርሽ የምታስገቢበት። አምስት ዓመት ሆነኝ። እቃ መሸጡ አይከብደኝም። የከበደኝ «ነይ አብረን እንሥራ» ብሎ ለሰው መደወሉ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት አድማጭ በድምፅ መልእክት «ልደውል ስል ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ምን ብዬ ልጀምር?» ብላ ጠየቀችኝ። እሷ ናት ዛሬ እዚህ ያስቀመጠችኝ።

እኔ ስገባ የመጀመሪያው የቤት ሥራ የ100 ሰው ስም መጻፍ ነበር። ያስገባችኝ ልጅ ደብተር ሰጠችኝና «ማንንም አትዝለይ» አለችኝ። ጻፍኩ። የቤተክርስቲያን ሰው፣ የማኅበር ሰው፣ የእቁብ ሰው። ነዳጅ ማደያ አብራኝ ካሸር የነበረች ልጅ። ፀጉሬን የምትሠራኝ። የልጄ አስተማሪ ሳትቀር ገባች። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐበሻ ስልኩ ውስጥ 100 ሰው አያጣም። ለቅሶ ሲሆን የምንደዋወለው፣ ክርስትና ሲሆን የምንጠራራው ያው ሰው ነው። ያን ጊዜ ግን ደብተሩ ላይ የታየኝ ቁጥር ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ «በስልክ ምንም እንዳትናገሪ» የሚል ነው። ቤትሽ ጥሪ፣ ቡና አፍዪ፣ ሲመጡ ቪዲዮውን አሳዪ። ስለ ምን እንደሆነ ከጠየቁሽ «ሲመጡ አጫውትዎታለሁ» በይ።

ሰባተኛ ላይ የጻፍኳቸው አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፣ እኔ «እትዬ» ነው የምላቸው። አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት ኮት የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። አውቶቡስ ሲያመልጠኝ ስንት ጊዜ ሥራ አድርሰውኛል። ደወልኩ። «እትዬ፣ አንድ የማማክርዎት ነገር አለኝ። ቅዳሜ ብቅ ይበሉ፣ ቡና እንጠጣለን» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ደህና ነሽ ልጄ?» አሉኝ። «ደህና ነኝ፣ ሲመጡ አጫውትዎታለሁ።»

ቅዳሜ መጡ። ነርሲንግ ሆም ነው የሚሠሩት፤ ፈረቃቸውን ከሰው ጋር ተቀያይረው ነው የመጡት። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ገና ትኩስ ስለነበር ጨርቁ ወዝቷል። ሳሎን ሲገቡ ያስገባችኝ ልጅ ሱፍ ለብሳ ቆማለች። ላፕቶፑ ቲቪው ላይ ተሰክቷል። ሌሎች ሦስት ሴቶች ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። እትዬ ዳቦውን እንደታቀፉ በሩ ላይ ቆሙ። ቲቪውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው ቲቪውን አዩ።

ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ፣ ጥግ ይዘው ተቀመጡ፣ 40 ደቂቃ ሙሉ ሰሙ። አንቺ ሁለት ሰው ታስገቢያለሽ፣ እነሱ ደግሞ ሁለት ሁለት ያስገባሉ እየተባለ ቲቪው ላይ የሚሣለው ክብ ሲበዛ በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቡናው ከቶና አላለፈም። ዳቦውንም የቆረሰው የለም።

ልሸኛቸው ወጣሁ። መኪናቸው ጋ ስንደርስ እጄን ያዙ። «ልጄ፣ እኔ እኮ የታመምሽ መስሎኝ ነው። ወይ ከባልሽ ተጣልተሽ። ሌሊቱን ስጸልይልሽ ነው ያደርኩት» አሉኝ። ቁጣ የለውም አነጋገራቸው። «ዳቦውን ለልጆቹ ቁረሺላቸው» ብለው ሄዱ።

ተመልሼ ስገባ ያስገባችኝ ልጅ «በ48 ሰዓት ውስጥ ደውዪላቸው፣ እንዳይቀዘቅዝ» አለችኝ። አልደወልኩም። እጄ እምቢ አለኝ።

እስቲ አስቡት። እኛ ዘንድ «ቡና ጠጡ» ማለት ምን ማለት ነው? ነይ፣ ልይሽ፣ የሆድሽን አጫውቺኝ ማለት ነው። «ቡና አጣጭ አያሳጣሽ» ብለን የምንመራረቀው ለዚህ ነው። በዚህ በስደት አገር፣ ሰው ሁለት ሥራ እየሠራ በሚኖርበት ቦታ፣ አንድ ሰው ቡና ጠጪ ብሎ ሲጠራሽ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ያንን ቃል ወጥመድ ላይ አስቀመጥኩት። እትዬ ሁለተኛ «ብቅ ይበሉ» ስላቸው የትኛው «ብቅ ይበሉ» እንደሆነ በምን ያውቃሉ?

ከዚህ የባሰ ደግሞ ይሉኝታ አለ። ሥልጠናው ላይ «እምቢ ማለት ገና አልገባኝም ማለት ነው፣ ደጋግመሽ ሞክሪ» ይባላል። ለእኛ ሰው ይሄ አይሠራም። የእኛ ሰው ፊት ለፊት እምቢ አይልም። «እስቲ ላስብበት» ካለ ጨርሷል። «ከባለቤቴ ጋር ልነጋገር» ካለም ጨርሷል። እሺ ያለው ራሱ እሺ ማለቱ ላይሆን ይችላል። ከሥሬ ካስገባኋቸው አንዷ የመግቢያውን ካርቶን 199 ዶላር ከፍላ ገዛችኝ። ከአንድ ዓመት በኋላ ለልጇ ክርስትና ቤቷ ሄድኩ። ኮት ላስቀምጥ ከደረጃው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ብከፍት ካርቶኑ አለ። ፕላስተሩ አልተነሳም። ለእኔ ብላ ነው የገዛችው፣ እንዳይከፋኝ። በማግስቱ ብሯን ይዤ ሄድኩ። አልቀበልም ብላ ተጣላን ማለት ይቻላል፣ በግድ ነው የሰጠኋት። ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

አሁን እንዴት እደውላለሁ? ሰላምታው ይቅደም፣ ያለ ሰላምታ አይሆንም። ልጆቹ ይጠየቁ፣ እናት አባት ይጠየቁ። ሰላምታው እንዳለቀ ግን ወዲያው እንዲህ እላለሁ፦ «ዛሬ የደወልኩት ለሥራ ጉዳይ ነው። የምሸጠውን ክሬም አብሮኝ የሚሸጥ ሰው እፈልጋለሁ። ልንገርሽ ወይስ ይቅር? ይቅር ብትዪኝ ቅር አይለኝም፣ ሁለተኛም አላነሳውም።» ይቅር ካለች ወሬያችንን እንቀጥላለን። ከአሥር ሰው ስምንቱ ይቅር ይላሉ። የቀሩት ሁለቱ ግን ፈልገው ነው የሚሰሙኝ። ልዩነቱ ድምፃቸው ላይ ይታወቃል፤ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

ቁጥሩንም እነግራቸዋለሁ። እኔን ማንም አልነገረኝም፣ ታክስ ስሠራ ነው የገባኝ። በመጀመሪያው ዓመት ኮሚሽኔ 2,300 ዶላር ነበር። ቤንዚኑን፣ ናሙናውን፣ የስብሰባ ትኬቱን ስደምር 2,900 ወጥቷል። በእኔ ብቻ የደረሰ መስሎኝ አፍሬ ነበር። በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በፈረንጆቹ 2024 ያወጣውን ሪፖርት አነበብኩ። እንዲህ ያሉ 70 ኩባንያዎች ሻጮቻቸው ምን ያህል እንደሚያገኙ ራሳቸው ያወጡትን የገቢ መግለጫ ነው የመረመረው። አብዛኛው ተሳታፊ በዓመት 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ነው ያገኘው። በወር ከ84 ዶላር በታች ማለት ነው። አብዛኞቹ መግለጫዎች ላይ ደግሞ ወጪው አልተቀነሰም። ስለዚህ የኩባንያዬን መግለጫ ስልኬ ላይ ይዣለሁ። ማንም ሰው ሳይፈርም በፊት ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን።

አንድ ጥያቄም አለ፣ ማንኛችሁም ብትሆኑ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። «ሰው ባላስገባስ? እቃውን ብቻ ለደንበኛ ሸጬ አተርፋለሁ?» በሉ። ይሄን ከራሴ አላመጣሁትም። በፈረንጆቹ 1979 ይኸው የንግድ ኮሚሽን አምዌይ የሚባለውን የኔትወርክ ማርኬቲንግ ኩባንያ ፒራሚድ (ገንዘቡ ከእቃ ሽያጭ ሳይሆን ሰው ከማስገባት የሚመጣበት ሕገወጥ አሠራር) አይደለም ሲል ካያቸው ነገሮች መካከል እቃው እውነተኛ ደንበኛ እጅ እንዲደርስ የሚያስገድዱት ደንቦች ነበሩ። ሻጩ የገዛውን ቢያንስ 70 በመቶ መሸጥ፣ በየወሩ ቢያንስ ለ10 ደንበኛ መሸጡን ማሳየት ነበረበት። መልሱ «ዋናው ገንዘብ ሰው ማስገባቱ ላይ ነው» ከሆነ ተነሱና ውጡ። አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅም እዚያ ቡድን ላቋቁም ብላኝ ነበር። አገር ቤት የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን ይከለክላል። መጀመሪያ ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሪ ብያት ተወችው።

የማልደውልላቸው ሰዎችም አሉኝ። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው፣ ከሥራ የተባረረ ሰው፣ በዲቪ ገና የገባ ሰው። በተለይ ዲቪ። አዲስ የገባ ሰው ለትኬት ተበድሯል፣ አገሩን አያውቀውም፣ አንቺን ግን ያምንሻል። ብትነግሪው ይገባል፣ ሳያንገራግር ነው የሚገባው። ለዚህ ነው የማልነግረው። ኮት ካስፈለገው ኮት እሰጠዋለሁ።

የጠየቅሽኝ እህቴ፣ እኔም ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የደወልኩበትን ነገር እየደበቅሁ ስለነበር ነው። ዛሬ ሰው እምቢ ሲለኝ አሁንም ትንሽ ይከፋኛል። ድምፄ ግን አይንቀጠቀጥም።

እትዬ ጋ ሦስት ወር ቆይቼ ሄድኩ። በስልክ «ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የምመጣው፣ ሌላ ጉዳይ የለኝም» አልኳቸው። «ይቅርታውን ተይውና ነይ» አሉኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ዳቦ እኔ ጋግሬ ሄድኩ፣ የእሳቸውን ያህል አልነፋልኝም። እሳቸው ራሳቸው ቆረሱት። ስለዚያ ቅዳሜ አንድም ቃል አላነሱ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነው ያወሩኝ፣ ባሕር ዳር ስላለችው እህታቸው። ቶናው ሲያልቅ ልነሳ ስል ቀሚሴን ያዝ አደረጉኝ። ውሃ ጨመሩና ጀበናውን መልሰው ጣዱት። በረካውን ጠጥቼ ነው የወጣሁት።

ደህና እደሩ።