በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ስለ ልብስ ልገሳ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የበጀቱን ነገር ገንዘብ ያዣችን ስለሚያቀርቡት፣ እኔ የምናገረው በየቁም ሣጥናችን ስለተከማቸውና «አገር ቤት ይላካል» እያልን ከዓመት ዓመት ስለምናሸጋግረው ልብስ ብቻ ነው።

አምና ከእናንተ የሰበሰብነውን ልብስ ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ተነሥተን እንዳልሆነልን ታውቃላችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልብሱን ከማሰባሰቤ በፊት ሕጉን መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ኢትዮጵያ ልባሽ ጨርቅ ለንግድ እንዳይገባ የከለከለች አገር ናት፤ ሰልባጁ በቦንዳ ታስሮ ገበያ ላይ ቢታይም መንገዱ ኮንትሮባንድ ነው። እኛ የምንልከው ለዕርዳታ እንጂ ለሽያጭ አይደለም ብንልም፣ ይህንኑ በወረቀት ማስረዳት ነበረብን፤ የማጓጓዣው ሒሳብ ሲሰላ ደግሞ ከልብሱ ዋጋ በልጦ ተገኘ። ከረጢቶቹ በአንድ አባላችን ምድር ቤት ከርመው እርጥበት ስለገባባቸው አብዛኛው ተጣለ።

በክልከላው መማረር አይገባንም። ርካሽ ልባሽ በገፍ ሲገባ የአገሬው ልብስ ሰፊና ፋብሪካ ገበያ ያጣል የሚለው ሥጋት የብዙ አገሮች ነው፤ ሩዋንዳ በልባሽ ጨርቅ ላይ ቀረጥ በመጨመሯ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ለሩዋንዳ ልብስ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል እስከማገድ ደርሳለች።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው የሚያቀርበው ሐሳብ ልብሳችንን እዚሁ በምንኖርበት አካባቢ እንድንሰጥ ነው። መጀመሪያ የሚታሰቡን በዲቪ ገና የገቡት ወገኖቻችን ናቸው፤ በጥር ብርድ በስስ ጃኬት ከአውሮፕላን የወረደውን ሰው የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የክረምት ካፖርት፣ የበረዶ ጫማና የሕፃናት ልብስ ለእነርሱና ለመጠለያዎች በቀጥታ ይሰጥ። የቀረው ወደ በጎ አድራጎት ድርጅቶቹ ወደ ጉድዊልና ሳልቬሽን አርሚ ሱቆች ይሂድ። «እነርሱ እኮ ይሸጡታል» የሚል ቅሬታ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው፣ ይሸጡታል። ጉድዊል እ.ኤ.አ. በ1902 ቦስተን ውስጥ በኤድጋር ሄልምስ ሲመሠረት ጀምሮ አሠራሩ አሮጌውን ልብስ ሥራ ባጡ ሰዎች እጅ አስጠግኖ መሸጥ ነበር፤ ዛሬም ገቢው ለሥራ ሥልጠና ይውላል።

ልጆች ሳለን ልዋጩ በሰፈራችን እየጮኸ ሲያልፍ እናቶቻችን አሮጌ ልብስ አውጥተው በብርጭቆና በሳህን ይለውጡ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ልዋጩ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ሸሚዙን ገልብጦ ብብቱን ያያል፣ ዚፑን ይስባል፣ ጉልበቱ የሳሳውን ሱሪ ወደ ብርሃን ያነሣል። ከረጢታችንን ከማሰራችን በፊት በእርሱ ዓይን እንየው፤ ያልታጠበና የተቀደደ ልብስ ስንሰጥ የመጣያውን ወጪ ለበጎ አድራጎቱ ማስተላለፋችን ነው። የአሜሪካ የግብር ሕግም ቅናሽ የሚፈቅደው በደኅና ይዞታ ላይ ላለ ልብስ ነው፤ ወጪያችሁን ዘርዝራችሁ የምታመለክቱ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የምትጽፉትም የገዛችሁበትን ሳይሆን አሁን የሚያወጣውን ዋጋ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። በቅርቡ በአንድ የልባሽ ሱቅ ጥበቡ ያልደበዘዘ ነጠላ የጠረጴዛ ልብስ ተብሎ ተሰቅሎ አየሁ፤ ገዝቼው ወጣሁ። የእናቶቻችሁን ነጠላና ጋቢ ለይታችሁ ለማኅበሩ ስጡ፤ ዋጋውን የሚያውቅ ሰው እንፈልግለታለን።

በመግቢያው በር አጠገብ ሁለት ጠረጴዛዎች ተዘጋጅተዋል፤ አንዱ ለካፖርትና ለጫማ፣ ሌላው ለሌላው ልብስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ለመለየት የምትችሉ ስማችሁን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። ጉባኤው መከፈቱን እያስታወቅሁ፣ መድረኩን ለገንዘብ ያዣችን እለቃለሁ።