ለልጃችሁ የመጀመሪያ መኪና፦ ከመኪናው በፊት ኢንሹራንሱን ጠይቁ

[በስክሪኑ ላይ፦ 16 ዓመት ከ3 ወር]

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ልጅ 16 ዓመት ከ3 ወር ሲሞላው መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ከዚያ በፊት የለማጅ ፈቃዱን ቢያንስ 9 ወር መያዝ፣ የመንጃ ትምህርቱን መጨረስና ፈቃድ ካለው አዋቂ ጋር 45 ሰዓት መንዳት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 15ቱ ሰዓት ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ነው። ሜሪላንድ ላይ ዕድሜው 16 ዓመት ከ6 ወር፣ ልምምዱ 60 ሰዓት ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ጊዜ የሚያሳልፈው ስልኩ ላይ መኪና ሲያማርጥ ነው። እኛ የምንመክረው ግን መጀመሪያ ኢንሹራንሳችሁ ዘንድ እንድትደውሉ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ፖሊሲው ውስጥ ሲገባ ክፍያው በጣም ይጨምራል፤ መኪናው ርካሽ ከሆነ በሁለትና በሦስት ዓመት ለኢንሹራንስ የወጣው ገንዘብ የመኪናውን ዋጋ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ "ስንት ብር አለን?" ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የምታገኙት ከዚያ ስልክ በኋላ ነው።

[ወኪል ጋር ሲደወል]

ስትደውሉ በደፈናው "ልጅ ብንጨምር ስንት ይሆናል?" አትበሉ። ያያችኋቸውን የሁለት ወይም የሦስት መኪኖች ቪን ቁጥር ይዛችሁ ለእያንዳንዱ ዋጋ አስወጡ። ቪን ከፊት መስታወቱ ሥር፣ በሾፌሩ በኩል የሚታየው 17 ፊደልና ቁጥር ነው። ተመሳሳይ ዋጋ ያላቸው ሁለት መኪኖች ኢንሹራንሳቸው በጣም ሊለያይ ይችላል። የሂዩንዳይና የኪያ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ2011 እስከ 2021 ከተሠሩት መካከል በቁልፍ የሚነሱት ብዙዎቹ ኢሞቢላይዘር የላቸውም፤ ማለትም ትክክለኛው ቁልፍ ሳይገባ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክለው መሣሪያ ከፋብሪካው አልተገጠመላቸውም። በ2022 የስርቆት ዘዴው በቲክቶክ ከተሰራጨ በኋላ አንዳንድ ኢንሹራንሶች እነዚህን መኪኖች አዲስ ላለመቀበል ወስነው ነበር። በቁልፍ ሳይሆን በሚጫን አዝራር የሚነሳ ከሆነ ወይም የሶፍትዌር ማሻሻያው ከተሠራለት ስጋቱ ይቀንሳል፤ ያንንም ለወኪሉ ንገሩት።

ቅናሾችን እናንተው ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ ላይኖር ይችላል። ውጤቱ በአማካይ ቢ እና ከዚያ በላይ ለሆነ ተማሪ ቅናሽ አለ፤ የትምህርት ቤቱን ትራንስክሪፕት በየጊዜው መላክ ይጠበቅባችኋል። የመንጃ ትምህርት ቅናሽም አለ። አነዳዱን በስልክ ለሚከታተል አፕሊኬሽን ፈቃደኛ ከሆናችሁም ሊቀነስላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ድንገተኛ ፍሬንና የሌሊት ጉዞ ይመዘግባልና አንዳንድ ኩባንያ ዘንድ ዋጋ ሊያስጨምርም ይችላል። ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ልጁ ኮሌጅ ገብቶ መኪናውን ቤት ትቶ ከ100 ማይል በላይ ርቆ ሲኖርም ቅናሽ የሚሰጡ አሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ልጁን በወላጆቹ ፖሊሲ ላይ መጨመር ለብቻው ከማውጣት ይረክሳል። ታይትሉም፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ወረቀት፣ በወላጅ ስም ቢሆን ከፖሊሲው ጋር ይስማማል። "አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚነዳው" ተብሎ ስሙ ሳይገባ የሚቀርበት ቤት ግን ከባድ አደጋ ላይ ነው። ኩባንያዎች በአንድ አድራሻ ፈቃድ ያለው ሰው መኖሩን በቀላሉ ያያሉ። አደጋ ደርሶ ጉዳዩ ሲመረመር ያለፈውን ሂሳብ ሊጠይቁ፣ ውሉን ሊያፈርሱ፣ ካሳውንም ሊከለክሉ ይችላሉ። ኡበር ወይም ሊፍት የሚሠራ ወላጅም አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ የሥራው መኪና ላይ ልጁ መንዳት መቻሉን ኢንሹራንሱን በግልጽ ይጠይቅ። ልጁ ራሱ ምግብ ማድረስ ከጀመረም ተራ የግል ፖሊሲ ለዚያ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም።

[በስክሪኑ ላይ፦ 50 / 100 / 25]

አሁን ወደ ሽፋኑ መጠን እንሂድ። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የምትጠይቀው ዝቅተኛ ላያቢሊቲ፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት የሚከፍለው ሽፋን፣ ለአንድ ተጎጂ 50,000፣ ለአንድ አደጋ በጠቅላላ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። 500 ዶላር ለዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድና ሰሌዳ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት የሚቻልበት የድሮው አሠራር ከጁላይ 2024 ጀምሮ የለም፤ አሁንም "ይቻላል" የሚል ሰው ካለ አትስሙት። የሜሪላንድ ዝቅተኛ መጠን 30/60/15 ነው። ሁለቱም ያንሳሉ። ልጁ ከ40,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ አዲስ መኪና ገጭቶ ቢያወድም 25,000ው አይሸፍንም፤ ቀሪው የሚጠየቀው ከቤተሰቡ ነው። ቤት ያላችሁ፣ የቁጠባ ገንዘብ ያላችሁ ሁሉ ቢያንስ 100/300/100 ምን ያህል እንደሚጨምር አስወጡ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከተፈራው ያነሰ ነው።

ኮሊዥን፣ ማለትም የራሳችሁን መኪና የሚጠግነው ክፍል፣ በአካባቢያችን የተለየ ክብደት አለው። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ በመኪና ለመኪና ግጭት የሚከተሉት ሕግ ጥብቅ ነው፦ አሽከርካሪው ለአደጋው ጥቂት እንኳ ድርሻ ካለው ከሌላኛው ወገን ካሳ መጠየቅ አይችልም። ሌላው ሰው 90 በመቶ ቢያጠፋም ልጃችሁ 10 በመቶ ካጠፋ መብቱ ሊቀር ይችላል። አዲስ አሽከርካሪ ደግሞ ትንሽ ጥፋት አይጠፋበትም። ኮሊዥን ካላችሁ የራሳችሁ ኩባንያ ዲድክቲብሉን፣ ማለትም ከኪሳችሁ የምትሸፍኑትን ድርሻ፣ ቀንሶ ይከፍላል። ለ5,000 ዶላር መኪና በዓመት 900 ዶላር ኮሊዥንና ኮምፕሪሄንሲቭ (ለስርቆት፣ ለእሳትና ለመሳሰሉት የሚከፍለው ሽፋን) እየከፈላችሁ ዲድክቲብሉ 1,000 ከሆነ ግን ቢበዛ የምታገኙት 4,000 ነው። ያንን ያህል ከኪሳችሁ መተካት ከቻላችሁ ሽፋኑን ተዉት፤ ካልቻላችሁ ያዙት።

[የመኪና ረድፍ]

ምን ዓይነት መኪና? አዲስ አበባ ላይ መኪና ስንገዛ "ስንሸጠው ስንት ያወጣል?" ብለን ነው የምናስበው። ለ16 ዓመት ልጅ ግን ቀድሞ የሚታየው ግጭት ውስጥ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ከ2012 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ የቤት መኪኖች ሁሉ ኢኤስሲ አላቸው፤ መኪናው ጠመዝማዛ ላይ ሲንሸራተት እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ፍሬን እየያዘ ወደ መስመሩ የሚመልስ ነው። ከዚያ በታች አትውረዱ። ትንንሽ ቀላል መኪኖችን፣ ጉልበታም ሞተር ያላቸውንም ተዉ። አይአይኤችኤስ የተባለው የደህንነት ተቋም ከኮንሱመር ሪፖርትስ ጋር ለወጣቶች የሚሆኑ ያገለገሉ መኪኖችን ዝርዝር በነፃ ያወጣል፤ ከእሱ ጀምሩ።

ስሙ ጥሩ የሆነ መኪናም በየዓመተ ምሕረቱ ይለያያል። ከ2007 እስከ 2009 የተሠራው ባለ 2.4 ሊትር ካምሪ ዘይት ይበላል። ከ2013 እስከ 2016 የተሠራው ኒሳን አልቲማ ሲቪቲ ካምቢዮው በችግር የታወቀ ነው። ከ2012 እስከ 2016 ያለው ፎርድ ፎከስ አውቶማቲክ ካምቢዮው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ከ2004 እስከ 2009 ያለው ፕሪየስ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ የሌባ ዓይን ያረፈበት ነው፤ መከላከያ ብረት ካልተገጠመለት ውጭ ማሳደሩ ያሳስባል። ባለ ስድስት ሲሊንደር የቆየ አኮርድ ደግሞ ሞተሩ በቺንጊያ ነው የሚሠራው፤ ወደ 100,000 ማይል ገደማ ቺንጊያው መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ካላያችሁ አልተቀየረም ብላችሁ ዋጋውን ቀንሱ።

[ሰነዶች]

ለማየት ከመሄዳችሁ በፊት ቪኑን በፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ በኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ አስገቡ። ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለትም ፋብሪካው ላስተካክል ብሎ የጠራው ጉድለት፣ ካለ ይነግራችኋል፤ ሪኮል በነፃ ይሠራል። የታካታ ኤርባግ ያልተቀየረለት ከ2001 እስከ 2003 ያለ ሆንዳ ወይም አኩራ ከሆነ ጨርሶ እንዳይነዳ፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ብረት ይረጫል። የመኪናውን ታሪክ የሚያሳየው የካርፋክስ ሪፖርት ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሪፖርት ያልተደረገ ግጭት አይታይበትም። ንጹሕ ካርፋክስ ማለት ያልተገጨ መኪና ማለት አይደለም።

ታይትሉ ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ መሆን አለበት። "የወንድሜ ነው"፣ "ገና አላዞርኩትም" ካለ ብዙ ጊዜ ያለ ፈቃድ መኪና የሚነግድ ሰው ነው፤ ጥላችሁ ሂዱ። ታይትሉ ላይ የባንክ ስም ካለ ዕዳው ማለቁን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ጠይቁ። ሳልቬጅ (ኢንሹራንስ ከጥቅም ውጭ ነው ያለው) ወይም ሪቢልት (ከዚያ በኋላ ተጠግኖ የተመለሰ) የሚል ካለበት ሙሉ ሽፋን የሚሰጥ ኢንሹራንስ ማግኘት ያስቸግራል፤ ለልጅ አይመከርም።

[ኮፈን ሲከፈት]

ሻጩን ሞተሩን እንዳያስነሳ አስቀድማችሁ ንገሩት። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ከቀዝቃዛ ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ ሊደበቅ ተፈልጎ ይሆናል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጡ፤ ከዝቅተኛው ምልክት በታች ከሆነ የተረሳ ሞተር ነው። የዘይት መክፈቻ ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅለው ሊሆን ይችላል። ስታስነሱት ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ የማይቆም ከሆነ የራዲያተሩ ፈሳሽ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ነው። በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ነጭ እንፋሎት ግን የተለመደ ነው።

የፓራፋንጎውን ቡሎኖች ተመልከቱ፤ ቀለማቸው በቁልፍ ከተላጠ አካሉ ተፈትቶ ነበር። በሮቹና ኮፈኑ መካከል ያለው ክፍተት በሁለቱም ጎን እኩል መሆን አለበት። ምንጣፉን አንስታችሁ አሽትቱ፤ የሻጋታ ሽታና የወንበሩ ሐዲድ ላይ ዝገት ጎርፍ የገባበትን መኪና ያሳያል። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚለው በኋላ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራት ጎማ መቀየር ካስፈለገ በዋጋው ድርድር ውስጥ አስገቡት።

ከ20 እስከ 30 ዶላር የሚሸጥ ኦቢዲ ስካነር፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ፣ ይዛችሁ ብትሄዱ ትልቅ ብልጫ አላችሁ። ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ይሰካል። ኮድ ከማንበብ ይልቅ የምንፈልገው የዝግጁነት ምልክቶቹን ነው። ሻጩ የቼክ ኢንጅን መብራቱን ማለዳ አጥፍቶት ከሆነ ብዙዎቹ ምልክቶች "ዝግጁ አይደለም" ይላሉ፤ ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ የተወሰኑ ቀናት መንዳት ይፈልጋል። በፌርፋክስ፣ በአርሊንግተን፣ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው የሚደረገው የጭስ ምርመራም ከ2001 ወዲህ የተሠራ መኪና ላይ ከአንድ በላይ ያልተዘጋጀ ምልክት ካለ አያሳልፍም።

ከዚያ በኋላ መኪናውን ሻጩ ወዳላመጣው መካኒክ ውሰዱትና በሊፍት ላይ ይታይ። ከ100 እስከ 250 ዶላር ይፈጃል። "የቨርጂኒያ ስቲከር አለው" የሚለው መልስ ይህን አይተካም፤ የደህንነት ምርመራው ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማና መሪ እንጂ የሞተርና የካምቢዮ ጤንነት አያይም። ሻጩ ለመካኒክ አላሳይም ካለ ውሳኔው ተወስኗል።

ገንዘቡን ባንክ ውስጥ ስጡ፤ ታይትሉ እዚያው ይፈረም። የቨርጂኒያ ሽያጭ ግብር 4.15 በመቶ ነው፤ ለ8,000 ዶላር መኪና 332 ዶላር ማለት ነው። ሰሌዳው የሻጩ ስለሆነ ፈትቶ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ኢንሹራንሱን አስጀምራችሁ ጊዜያዊ ሰሌዳ ሳታወጡ አትንዱት። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲው በየዓመቱ የሚጠይቀውን የመኪና ግብርም አትርሱ። ከበጀቱ ላይ ቢያንስ 1,000 ዶላር ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ለብቻው ይቀመጥ።

[ልጁ ራሱ ዘይት ሲያይ]

ጥገናውን ልጁ ራሱ ይያዘው። ቤንዚን በሚሞላበት ቀን፣ ቢያንስ በወር አንዴ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ዘይቱን ይይ። ሲንተቲክ ዘይት በየ5,000 ማይሉ ወይም በየስድስት ወሩ ከነፊልትሮው ይቀየር። የጎማ ነፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ጎማው ላይ ሳይሆን በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ ነፋሱ 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ በመጀመሪያው ብርድ የጎማ መብራት የሚበራው ለዚህ ነው። የፍሬን ሸራ 3 ሚሊሜትር ሲደርስ ይቀየር፤ ሲያፏጭ እየተነዳ ከቆየ ዲስኩም አብሮ ይበላሻል፤ ሒሳቡም እጥፍ ይሆናል። ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ አራት ዓመት ካለፈው ክረምት ሳይገባ አስፈትሹት።

መብራቶቹን ግን ከመንዳቱ በፊት ይወቃቸው። ቢጫው ቼክ ኢንጅን ሳይብለጨለጭ ከበራ በዚያ ሳምንት ይታያል። የሚብለጨለጭ ከሆነ ሞተሩ ውስጥ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ እየሄደ ያቃጥለዋል፤ ፍጥነት ቀንሶ ዳር ይያዝ። ቀይ የዘይት መብራት ሲበራ "ቤት እስክደርስ" የለም፤ በደህና ቦታ ቆሞ ወዲያው ሞተሩን ያጥፋ። የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ከወጣም እንዲሁ፤ የራዲያተሩን ክዳን ሲግል ከከፈተው የሚፈላው ውሃ ፊቱን ያቃጥለዋል። የመጎተቻ አገልግሎት በፖሊሲው ውስጥ ካለ ስልክ ቁጥሩ ከኢንሹራንስ ካርዱ ጋር በመኪናው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፤ ልጁም መጀመሪያ ወደየት እንደሚደውል ከእናንተ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር።