ሰገባው

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው። የእህቴ ልጅ እዚሁ አጠገቤ ተኝቷል። ትናንት ጣቱን ተወግቶ ተመረመረ፤ ወባ ነው ተባለ።

እኔንም በ2014 በበጋ ይዞኝ ነበር። በበጋ! እኛ ድሬዳዋ ወባን ከዝናብ ጋር ነበር የምናውቀው። ያን ዓመት ግን ከተማው ውስጥ ወረርሽኝ ሆነ። ከእስያ የመጣች አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ትንኝ አለች። በርሜል ውስጥ፣ ሮቶ ውስጥ ትፈለፈላለች፤ ዝናብ አትጠብቅም። እኛ ሰፈር ደግሞ ውሃ ሳያጠራቅም የሚኖር የለም።

ከዳንኩ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ይሄ ነገር ደሜ ውስጥ ምን ሲያደርግ ሰነበተ?

ሲበላ ነው የሰነበተው። ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ይገባና በ48 ሰዓት ገደማ ኦክስጅን ተሸካሚውን ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢንን፣ አብዛኛውን ይጨርሳል። ፕሮቲን እንዳለ አይዋጥም፤ መከተፍ አለበት። ከሚከትፉለት መሣሪያዎች መካከል ፋልሲፔይን የሚባሉ ኢንዛይሞች ይገኛሉ።

እኔን ያስገረመኝ ታዲያ ሌላ ነው። ተውሳኩ ራሱም እኮ የተሠራው ከፕሮቲን ነው! እንዲህ ያለ ስለት ሆዱ ውስጥ ይዞ እንዴት ራሱን አይቆርጥም?

ከፊራ ገበያ የሚመጡ የአፋር ሰዎችን አስቧቸው። ጊሌው፣ ጩቤያቸው ማለቴ ነው፣ ወገባቸው ላይ ነው፤ ግን ሰገባ አለው። ፋልሲፔይንም እንዲሁ ነው። ገና ሲመረት ስለቱን የሚሸፍን ተጨማሪ ቁራጭ ይዞ ነው የሚወጣው። ሽፋኑ የሚወልቀው አሲዳማ በሆነው የምግብ ከረጢት አካባቢ ነው።

ከሰገባው ሌላ ጠባቂም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች ፋልስታቲን ብለው የሰየሙትን ፕሮቲን ይፋ አደረጉ። ተውሳኩ ራሱ የሚሠራው አጋጅ ነው፤ ቆራጮቹን ያዝ ያደርጋቸዋል። ከእኛ ሰውነት የሆኑ አንዳንድ ቆራጮችንም ያግዳል። ጊዜ አጠባበቁን ግን ተመልከቱልኝ። ተውሳኩ አጥብቆ በሚበላበት ዕድሜው ፋልስታቲን አይታይም። ሴሉን ሰብሮ ሊወጣ ሲል፣ ወጥቶ አዲስ ሴል ሲፈልግ፣ ከገባም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይገኛል። በዚያች ሰዓት ስለቱ ልቅ ቢሆን ለመግቢያ የሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች ይከተፉበታል ተብሎ ይታሰባል። ላብራቶሪ ውስጥ ፋልስታቲንን በፀረ እንግዳ አካል ሲያስሩት፣ ተውሳኩ ሴል ውስጥ መግባት አቃተው።

አቦ፣ ይህን ሳነብ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ለካ ስለቱን መንጠቅ ብቻ ሳይሆን ሰገባውን መንጠቅም ይጎዳዋል! ወባን ዝም ብሎ የሚያወድም ጅል አድርጌ ነበር የማስበው። ጠላቴን ንቄው ነበር ማለት ነው። ልጆች የሚገድል በሽታ ሲናቅ ደግሞ ያናድደኛል።

አሁን ይሄ ልጅ የሚውጠው ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት ነው። ውስጡ ያለው አርቴሜተር የሚነቃው ሄሞግሎቢኑ ሲከተፍ በሚለቀቀው፣ ብረት ባለበት ሄም ነው። ተውሳኩ በራሱ ቢላ ከፍቶ የሚያወጣው ነገር መድኃኒቱን ይቀሰቅስበታል። ትናንት ማታ ግንባሩን እየዳበስኩ ይህንኑ ሳስብ ነበር። እየበላህ ነው አይደል? ብላ፣ እለው ነበር ተውሳኩን በልቤ።

አራተኛው መዋጫ ሰዓት ደረሰ። በወተት ነው የምሰጠው፤ ቅባት ሲኖር ሰውነት መድኃኒቱን በደንብ ይወስደዋል። ላሞቀው ልሂድ። ደህና እደሩ።