ላቡ የጭንቀት ነው ወይስ የስኳር?

እሺ... ድምፁን እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ዛሬ ቡና የለም። የስኒ ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር "ስንተኛው ነው?" የምትሉኝ ሁሉ፣ ተገላገላችሁ።

ምክር ክፍል ውስጥ ስላለች አንዲት ደቂቃ ላውራ፤ ልትለቀኝ አልቻለችም። አንዲት ተገልጋይ ተቀምጣ ስለ እናቷ እያወራች ነው። ድንገት እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሯን ያልባታል፣ "ልቤ፣ ልቤ" ትላለች። እኛ የሥነ ልቦና አማካሪዎች ምን እንላለን? "በአፍንጫሽ ሳቢ፣ በአፍሽ ቀስ ብለሽ አውጪ።" የሠለጠንነው ለዚህ ነዋ! ግን ሴትዮዋ ስኳር አለባት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኢንሱሊን ተወግታለች። ወቅቱ ደግሞ ሁዳዴ ነው።

እስቲ አስሉት። ድፍርሱ ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች የሚሉት፣ ከተወጉት ከ4 እስከ 10 ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚበረታው። እንግዲህ ከረፋዱ አምስት እስከ ማታ አሥራ አንድ መሆኑ ነው። እሷ ደግሞ እስከ ዘጠኝ እህል አትቀምስም። ስኳሯ ሲወርድ አድሬናሊን፣ የድንጋጤው ሆርሞን፣ ይለቀቃል፤ አድሬናሊን ከእናት ጭቅጭቅ ይምጣ ከስኳር መውረድ፣ መንቀጥቀጡ አንድ ነው።

በዓይን አይለይም። ጣት ተወግቶ ይለካል፤ ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ ወሬው እዚያው ይቆማል። መለኪያ ከሌለስ? ስኳሯ እንደወረደ ቆጥሮ መጀመር ነው፤ አንዴ በከንቱ ብትጠጣ ብዙ አይጎዳትም፣ መዘግየቱ ነው የሚጎዳት። 15 ግራም፦ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ ወይም የ300 ሚሊ ሊትር ኮካ ግማሹን። ዜሮ የሚለውን አይደለም! ቸኮሌትም አይሆንም፤ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፣ ካልወጣ መድገም። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም ነገር አይገባም፤ አምቡላንስ ይጠራል።

ጾሙን በተመለከተ... "ስኳር እያለብሽ ለምን ትጾሚያለሽ?" ያላት አማካሪ በሚቀጥለው ሳምንት አያገኛትም። ብትመጣም ትዋሸዋለች። ለሕመምተኛ እንደሚፈቀድ እሷም አታጣውም፣ የንስሐ አባቷም ነግረዋት ይሆናል። ፈቃዱን አልፈለገችውም፣ በቃ። የሚጠየቀው "ዛሬ እህል የቀመስሽው ስንት ሰዓት ላይ ነው? መርፌውስ?" ነው፤ ከሰላምታው ጋር፣ ወደ ጨዋታው ሳይገባ። የኢንሱሊኑን መጠን መቀነስ መጨመር የእኛ ሥራ አይደለም። ፈቅዳ ከሆነ ለሐኪሟ አምስት መስመር መጻፍ ግን የእኛ ነው፦ ምን አየን፣ በስንት ሰዓት፣ መቼ በላች፣ መቼ ተወጋች፣ መለኪያው ስንት አሳየ። "ትጨነቃለች" ብቻ የሚል ደብዳቤ ለሐኪሙ ምን ያደርግለታል?

መጠይቁም ያው ነው። ፒኤችኪው 9፣ የድብርት መጠይቁ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ምግብ ፍላጎት ይጠይቃል። ስኳሯ ከፍ ያለ ሰው ሌሊቱን ለሽንት ስትመላለስ ታድራለች፤ እኛ እንቅልፍ አጣች ብለን ነጥብ እንደምራለን... ተዉት፣ ይሄ ራሱን የቻለ ክፍል ይወጣዋል።

ወደ ደቂቃዋ። የሚያስፈራኝ ምን መሰላችሁ? ትንፋሹ አንዳንዴ የሠራ ይመስላል! እሷ ስትተነፍስ ጉበቷ ያጠራቀመውን ስኳር ይለቃል፣ መንቀጥቀጡ ይበርዳል። ታመሰግናለች። እኛም "ለትንፋሽ ልምምዱ ጥሩ ምላሽ ሰጥታለች" ብለን እንጽፋለን። በሌላ ቀንም ይደገማል። ስኳር እየተደጋገመ ሲወርድ ደግሞ ሰውነት ማስጠንቀቁን እየተወ ይሄዳል፤ ላቡም የለ፣ የልብ ምቱም የለ፣ በቀጥታ መፍዘዝና መውደቅ። ፋይሉ ላይ ግን ምን ይነበባል? "ድንጋጤዋ ቀንሷል።" መሻሻል እኮ ነው የተባለው! መሻሻል!

...በሌላ በኩል ደግሞ፣ ሁሉንም ለመለኪያ ከሰጠነው፣ ስኳሬ ይወርዳል ብላ በየግማሽ ሰዓቱ ጣቷን የምትወጋ አለች። እንዳይወርድባት ሆን ብላ ከ250 በላይ የምታቆየው አለች። እሷን "ለኪ" ማለት ፍርሃቷን መቀለብ አይሆንም? የስኳሩ መውረድና ፍርሃቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙስ? እኔ መለኪያው ይቅደም እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ማለቴ ነው። ከዚያ "አሁንስ አትለኪ፣ ተቀመጪና ፍርሃቱን እንየው" የሚባለው መቼ እንደሆነ... ሐኪሟ ሳያውቅ አይደለም መቼም። ከሐኪሟ ጋር ሆኖም ቢሆን... እንጃ። ካወቃችሁ ጻፉልኝ፤ ስለ ቡናው ግን አትጻፉ።